የሰይፍና የአስማት ታሪኮች፤ አነባበባቸውና አጠባበቃቸው

«በቃል ያለ ይረሳል፥ በጽሑፍ ያለ ይወረሳል» የሚለው የአበው ምሳሌ እውነት ነው። ነገር ግን ጽሑፍም ቢሆን የሚወረሰው ወረቀቱን ከብል፥ ቃሉንም ከለዋጭ እጅ የሚጠብቅ ታማኝ ሰው ያገኘ እንደ ሆነ ብቻ ነው። ይህን ለመረዳት በአሜሪካ አገር «የሰይፍና የአስማት ታሪክ» በሚባለው የልብ ወለድ ድርሰት ላይ የደረሰውን መመልከት ይበቃል። ከዚህ በታች የሚነገሩት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው።

የዚህ ድርሰት ጠባይ እንዲህ ነው። ነገሩ የተፈጸመው ታሪክ ከማያውቀው ከጥንት ዘመን እንደ ሆነ ተደርጎ ይተረካል፤ በውስጡም አንድ ብርቱ ሰው ሰይፉንና የልቡን ጽናት ብቻ ተማምኖ ከጠንቋይ፥ ከአውሬና ከግፈኛ ንጉሥ ጋራ ይታገላል። የሚታገለውም ብዙ ጊዜ ዓለሙን ሁሉ ለማዳን ሳይሆን ለነፍሱ፥ ለወዳጁ ወይም ለዕለት ጕርሱ ነው። ይህን ስም በ1961 ያወጣለት ፍሪትዝ ላይበር የተባለው ደራሲ ነው፤ ድርሰቱ ግን ስሙን በብዙ ዓመታት ይቀድመዋል።

የድርሰቱ አባት ነው ተብሎ የሚነገርለት ሮበርት ሀዋርድ በ1906 በቴክሳስ ግዛት ተወለደ። ከሐኪም አባቱና በሕመም ከምትሠቃይ እናቱ ጋራ ክሮስ ፕሌይንስ በምትባል ትንሽ ከተማ ተቀምጦ፥ ታሪኮቹን በጽሕፈት መኪና እየጻፈ በቺካጎ ከተማ ተቋቁሞ ከ1923 ጀምሮ ይታተም ለነበረው ዊርድ ቴልስ፥ ማለት «እንግዳ ታሪኮች»፥ ለሚባለው መጽሔት ይልክ ነበር። ስለ ንጉሥ ከል የጻፈው በ1929፥ ስሙን በዓለም ያስጠራለት ስለ ኮናን የጻፈውም በታኅሣሥ 1932 ታተመ። በሰኔ 1936 እናቱ ከሞት አፋፍ በደረሰች ጊዜ፥ እርሱ ገና በ30 ዓመቱ በገዛ እጁ ሕይወቱን አጠፋ፤ እናቱም በማግሥቱ ዐረፈች።

በዚህ ሥራ የሠለጠኑት ወንዶች ብቻ አልነበሩም። በኢንዲያናፖሊስ ከተማ በባንክ ጸሐፊነት ታገለግል የነበረችው ካትሪን ሙር፥ ጂሬል የተባለችውን ሰይፍ ታጣቂ እመቤት በ1934 በዚያው መጽሔት ላይ ለአንባቢ አስተዋወቀች።

መጽሔቱ በ25 የአሜሪካ ሳንቲም የሚሸጥ ነበርና ወረቀቱ ከተፈጨ እንጨት የተሠራ ርካሽ ወረቀት ነበር። እንዲህ ያለው ወረቀት በውስጡ አሲድ ስላለበት፥ ሌላ ጠላት ሳያስፈልገው ከዕድሜ ብዛት ይጠይማል፥ በመጨረሻም በጣት ሲነካ እንደ ደረቀ ቅጠል ይሰባበራል። አንብቦ የጣለው ሰው ብዙ ነው፤ ዛሬ የቀሩት ቅጂዎች የተገኙት በየቤቱ አንዳንድ ሰው ሣጥን ውስጥ አክብሮ ስላስቀመጣቸው ነው።

ሁለተኛው አደጋ ከወረቀቱ ብል ይልቅ የረቀቀ ነበር። ደራሲው ከሞተ በዃላ ስፕራግ ደ ካምፕ የተባለ ሌላ ደራሲ ታሪኮቹን ለማሳተም ተነሣ። በዚህም ትልቅ ውለታ ውሏል፤ ከ1966 ጀምሮ ፍራንክ ፍራዜታ በሣላቸው ግሩም ሥዕሎች ተሸፍነው የወጡት ርካሽ መጻሕፍት ኮናንን በብዙ ቤት አስገብተዋልና። ነገር ግን ደ ካምፕ የሟቹን ቃል በየስፍራው አረመ፤ ያልተፈጸመውን ፈጸመ፤ በ1955 በታተመው መጽሐፍም ሀዋርድ ስለ ሌሎች ሰዎች የጻፋቸውን አራት ታሪኮች ለውጦ የኮናን ታሪኮች አደረጋቸው። አንባቢውም የማን ቃል እንደሚያነብ በቀላሉ መለየት አልቻለም።

መድኃኒቱ የተገኘው ከሰብሳቢዎች እጅ ነው። ግሌን ሎርድ የተባለ የቴክሳስ ሰው በ1960ዎቹ ዓመታት ሟቹ የተዋቸውን በሺ የሚቈጠሩ ገጾች ተከታትሎ አገኘ፥ ጠበቀም። በ1977 ካርል ኤድዋርድ ዋግነር መጀመሪያ በመጽሔቱ የወጣውን ንባብ ተከትሎ ሦስት መጻሕፍት አሳተመ፤ ከ2002 ወዲህም ታሪኮቹ ከደራሲው የመኪና ጽሕፈትና ከመጽሔቱ ጋራ እየተመሳከሩ በሙሉ ታተሙ። የክሮስ ፕሌይንሱ ቤትም ዛሬ ቤተ መዘክር ሆኗል።

አሁን እኛን በቀጥታ የሚነካ ነገር አለ። ሀዋርድ በፈጠረው ዓለም ውስጥ ኩሽ የምትባል አገር አለች፤ በ1934 በታተመው «የጥቁር ጠረፍ ንግሥት» በተባለው ታሪክ ኮናን የሚሳፈርበት መርከብ ወደ ኩሽ ጠረፍ የሚሄድ ነው። ይህን ስም አንባቢያችን ከመጽሐፍ ቅዱስ ያውቀዋል። ደራሲው ግን ጥቁር ሕዝብን ብዙ ጊዜ የሚያቀርበው በዘመኑና በአገሩ በነበረው ንቀት ነው። ይህን ያነበበ ያገራችን ሰው ቢቈጣ ፍርዱ ትክክል ነው።

እንግዲህ ምን ይደረግ? ገጹን ቀዶ መጣል ወይም ስድቡን ፍቆ ማተም ይቀል ይመስላል። ነገር ግን የሟችን ቃል ለማሳመር መለወጥ ስሕተት ከሆነ፥ ነውሩን ለመሸፈን መለወጥም እንደዚያው ስሕተት ነው፤ የተሸፈነ ነውር ምስክር የለውምና። የመጻሕፍት ቤት መምህራኖቻችን ንባቡን ሳይነኩ ትርጓሜውን በአጠገቡ እንደሚያስከትሉ፥ አባትም እናትም እንዲሁ ያድርጉ። ልጁ ለማስተዋል የደረሰ እንደ ሆነ አብረውት ያንብቡ፤ የጀግናውን ጽናት ያሳዩት፤ ከዚህ ላይ ደራሲው ስቷል፥ የስሕተቱም ምክንያት ይህ ነው ብለው ይንገሩት። ልጅ በዚህ መንገድ የሰውን ጥበብና የሰውን ጕድለት ባንድ ገጽ ላይ ለይቶ ማየት ይማራል።

አሮጌ መጽሔት ያለው ሰውም ከፀሐይ፥ ከሙቀትና ከእርጥበት አርቆ፥ አሲድ በሌለበት ወረቀት ጠቅልሎ በሣጥን ያኑረው። የተቀደደውን በሚጣበቅ ፕላስተር አይጠግን፤ ሙጫው ውሎ አድሮ ወረቀቱን ያጠፋዋልና። መጽሐፍ ሲገዛም የትኛው እትም የደራሲውን ቃል እንደ ጠበቀ አስቀድሞ ይጠይቅ። የሚጠብቀው ወረቀት ብቻ አይደለም፤ መልስ መስጠት የማይችል የሟች ሰው አደራ ነው።