ራግቢ ሊግ፦ የክንፍ ቦታ የራሱን ባለሙያ ይሻል ወይስ ፈጣን ሯጭ ይበቃዋል?

በራግቢ ሊግ ጨዋታ አሠልጣኞችን እና ተመልካቾችን ደጋግሞ የሚያከራክር አንድ ጥያቄ አለ። በሜዳው ግራ እና ቀኝ ጠርዝ የሚሰለፉት ሁለቱ የክንፍ ተጫዋቾች ለቦታው ተለይተው የሠለጠኑ መኾን አለባቸው ወይስ ሩጫ የሚችል ማንኛውም ተጫዋች ቦታውን ሊሸፍን ይችላል? ጥያቄው ቀላል ይመስላል። ነገር ግን ክለቦች ውስን ገንዘባቸውን ለማን እንደሚከፍሉ እና ወጣት ተጫዋቾችን የት እንደሚያሰልፉ የሚወስን ነው።

ጨዋታው ለብዙ ኢትዮጵያዊ እንግዳ በመኾኑ አጀማመሩን እና ሕጉን በአጭሩ ማየት ይጠቅማል። ራግቢ ሊግ የተወለደው የድንጋይ ከሰል ቆፋሪዎች እና የፋብሪካ ሠራተኞች በሚኖሩባቸው የሰሜን እንግሊዝ ከተሞች ነው። ሠራተኞቹ ለጨዋታ ሲሉ ከሥራ ሲቀሩ የዕለት ደመወዛቸው ይቀርባቸው ነበር። ክለቦቻቸው ይህን ለመካስ ቢጠይቁም የራግቢ አስተዳደር አልፈቀደም። በዚህ ምክንያት እ.ኤ.አ በ1895 በሀደርስፊልድ ከተማ ተሰባስበው የራሳቸውን ማኅበር መሠረቱ። ዛሬ ጨዋታው በሰሜን እንግሊዝ፣ በምሥራቅ አውስትራሊያ፣ በኒውዚላንድ እና በፓፑዋ ኒው ጊኒ ሥር የሰደደ ነው።

በእያንዳንዱ ቡድን 13 ተጫዋቾች ይሰለፋሉ፤ ጨዋታው 80 ደቂቃ ይወስዳል። ኳስ በእጅ ተይዞ ይሮጣል፤ በእጅ ሲቀባበሉ ግን ወደ ፊት መወርወር ክልክል ነው። ኳስ የያዘው ቡድን ስድስት ጊዜ ተይዞ እስኪወድቅ ድረስ የማጥቃት ዕድል አለው፤ በስድስተኛው ኳሱን ለተጋጣሚው ያስረክባል። ስለዚህ አብዛኛውን ጊዜ ከአምስተኛው ውድቀት በኋላ ኳሱ በእግር ይመታል። ኳሱን ከተጋጣሚው የግብ መስመር አሳልፎ መሬት ያስነካ ቡድን 4 ነጥብ ያገኛል፤ ይህም ትራይ ይባላል።

"ልዩ ባለሙያ አያስፈልግም" የሚለው ሐሳብ

የዚህ ሐሳብ ደጋፊዎች የጨዋታውን አቅጣጫ የሚመሩት በመሐል የሚሰለፉት ናቸው ይላሉ። ክለቦች በደመወዝ ጣሪያ ስለሚገደቡ ከፍተኛውን ክፍያ ብዙ ጊዜ ለጨዋታ አቀጣጣዮች ያውላሉ። ተቀያሪዎችም በተለምዶ አራት ናቸው። ግጭት የሚበዛባቸው ግዙፎቹ የፊት ተሰላፊዎች ቶሎ ስለሚደክሙ አብዛኛው የተቀያሪ ቦታ ለእነርሱ ይያዛል። የክንፍ ተጫዋች ቢጎዳ ከአጠገቡ ያለው የመሐል ተከላካይ ወደ ጠርዝ ይወጣል። በዚህ ስሌት ብዙ ቦታ የሚሸፍን ሰው ከአንድ ቦታ ባለሙያ ይሻላል።

ለዚህ የሚጠቀስ ምሳሌም አለ። አውስትራሊያዊው ግሬግ ኢንግሊስ በክንፍ፣ በመሐል፣ በጨዋታ አቀጣጣይነት እና በኋላ መስመር በከፍተኛ ደረጃ ተጫውቷል።

ቦታው የሚጠይቀው ሥራ

በአንጻሩ የጨዋታው ትልልቅ የትራይ ክብረ ወሰኖች በክንፍ ባለሙያዎች የተመዘገቡ ናቸው። ለእንግሊዙ ዋሪንግተን ክለብ የተጫወተው አውስትራሊያዊው ብራያን ቤቫን በጨዋታ ዘመኑ 796 ትራይ አስቆጥሯል። እ.ኤ.አ በ1973 በአውስትራሊያ ጨዋታ ያቆመው ኬን አይርቪን በ236 ጨዋታዎች 212 ትራይ ያስቆጠረ ሲኾን ክብረ ወሰኑ ከ50 ዓመታት በላይ ጸንቶ ቆይቷል።

ትራይ ማስቆጠር ብቻውን ግን ጥያቄውን አይመልስም። ፈጣን ሯጭ በባዶ ሜዳ ላይ ማስቆጠር ይችላል። ልዩነቱ የሚታየው ሯጩ ኳስ ባልያዘበት ጊዜ ነው።

የመጀመሪያው ፈተና ከአየር የሚመጣ ኳስ ነው። አጥቂው ቡድን ዕድሉን ሊጨርስ ሲል ኳሱን ከፍ አድርጎ ወደ ሜዳው ማዕዘን ይመታል። የክንፍ ተጫዋቹ ወደ ኋላ እያፈገፈገ፣ ተጋጣሚው እየተንደረደረበት ዘልሎ መያዝ አለበት። ኳሱ ካመለጠው ትራይ ሊቆጠርበት ይችላል። የሲድኒ ሩስተርሱ ዳንኤል ቱፖ ከ1 ሜትር ከ90 ሴንቲ ሜትር የሚበልጥ ቁመቱን ለዚህ ሥራ በማዋል ይታወቃል።

ሁለተኛው ከራስ ግብ አጠገብ ኳስ ይዞ መውጣት ነው። የፊት ተሰላፊዎች ሲከላከሉ ቆይተው በደከሙበት ሰዓት የመጀመሪያዎቹን ሩጫዎች የሚሮጡት ብዙ ጊዜ የክንፍ ተጫዋቾች ናቸው። ሩጫው ወደ ባዶ ሜዳ ሳይኾን ወደ ተደረደሩ ተከላካዮች ነው። እ.ኤ.አ ከ2021 እስከ 2024 በተከታታይ አራት ጊዜ የአውስትራሊያ ሻምፒዮን የኾነው የፔንሪት ቡድን ተጫዋች ብራያን ቶኦ በዚህ ስሙ የተጠራ ነው። ረጅም ባይኾንም በአንድ ጨዋታ ከ200 ሜትር በላይ ኳስ ይዞ መሮጥን ደጋግሞ አሳይቷል።

ሦስተኛው እና ከባዱ በመከላከል ጊዜ የሚወሰን ውሳኔ ነው። አጥቂዎች በጠርዝ በኩል በቁጥር ሲበልጡ የክንፍ ተጫዋቹ ሁለት ምርጫ አለው። አንዱ ወደ ውስጥ ገብቶ ኳስ የያዘውን መጣል፣ ሌላው ቦታውን ይዞ የመጨረሻውን አጥቂ መጠበቅ ነው። በመካከል ያመነታ ሁለቱንም ያጣል። የመሐል ተከላካይ ቢሳሳት ከጎኑ የሚደርስለት ጓደኛ አለው። ከክንፍ ተጫዋቹ ውጪ ያለው ግን የሜዳው መስመር ብቻ ነው።

ቦታውን እንደ መደበቂያ የሚያዩ ቡድኖች ዋጋ የሚከፍሉት እዚህ ላይ ነው። ከብት ወደ ማሳ የሚገባው አጥሩ በሳሳበት በኩል እንደኾነ ሁሉ ተጋጣሚም ኳሱን የሚመታው ልምድ ወደሌለው ተጫዋች ነው። ልምድ እንዲቀስም ተብሎ ያለ በቂ ሥልጠና በጠርዝ የሚሰለፍ ወጣት ደጋግሞ ሊጠቃ ይችላል። ከጨዋታው በኋላም ወቀሳው የሚያርፈው ባሰለፈው ሰው ላይ ሳይኾን በእርሱ ላይ ነው።

መፍትሔው

ሁለቱን ሐሳቦች ማስታረቅ ይቻላል። ለአንድ ጨዋታ፣ ጉዳት ሲያጋጥም ሌላ ተጫዋች ክንፉን ሊሸፍን ይችላል። ለሙሉ የውድድር ዘመን ግን ፍጥነት ብቻውን አይበቃም። ከአየር ኳስ መያዝ እና በመከላከል ጊዜ በቅጽበት መወሰን በቦታው ላይ በተደጋጋሚ ልምምድ የሚገኙ ናቸው። ስለዚህ ክለቦች ሁለት ባለሙያዎችን ከመያዝ ባሻገር አንድ የመሐል ተከላካይ የጠርዙን ሥራ ዘወትር እንዲለማመድ ቢያደርጉ ተቀያሪ ሳያባክኑ ክፍተቱን መሙላት ይችላሉ።

ጨዋታውን በቴሌቪዥን የሚከታተል ሰውም ልዩነቱን በቀላሉ ማየት ይችላል። አምስተኛው ውድቀት ሲደርስ ኳሱን ትቶ ጠርዝ ላይ የቆመውን ተጫዋች መመልከት ነው። ባለሙያው ኳሱ ከመመታቱ በፊት ወደ ኋላ ማፈግፈግ ይጀምራል፤ ሌላው ግን ኳሱ አየር ላይ ከወጣ በኋላ ይባንናል።