የመጨረሻው ብሎን፦ በታደሰ ሞተር ላይ ስለሚደርስ የክራንክ ፑሊ ብልሽት

ክራንክ ሻፍት፣ ማለትም የፒስተኖችን ሽቅብ ቁልቁል መመላለስ ወደ ዙር የሚለውጠው የሞተር ዋና ዘንግ፣ በኋለኛው ጫፉ ፍላይዊሉን ተሸክሞ ኃይሉን ወደ ማርሽ ሣጥኑ ሲልክ፣ በፊተኛውና በዚህ ጽሑፍ «አፍንጫ» ተብሎ በሚጠራው ቀጭን ጫፉ ደግሞ ካምሻፍቱን የሚያዞረውን ጥርስና ክራንክ ፑሊውን ይሸከማል። ክራንክ ፑሊ በዙሪያው የቺንጊያ መቀመጫ ቦይ የወጣለት ክብ ብረት ሲሆን፣ ዲናሞውን፣ የመሪውን ፓምፕ፣ በብዙ ሞተሮች ላይም የውሃውን ፓምፕ የሚያንቀሳቅሰው እርሱ ነው። ሞተር ወርዶ ሲታደስ የባለንብረቱ ገንዘብና የመካኒኩ ትጋት የሚያርፉት በሲሊንደሩ፣ በፒስተኑ፣ በቤሪንጉና በቴስታታው ላይ ነው፤ ፑሊው ግን ከነብሎኑ ታጥቦ በአንድ ጣሳ ውስጥ ሲጠብቅ ይቆይና፣ ሥራው ሊያልቅ ጥቂት ሲቀረው፣ ደንበኛውም ደጋግሞ እየደወለ ሳለ፣ እጅ ላይ በተገኘው ቁልፍ ይታሰራል። ከጥቂት ሺህ ኪሎ ሜትሮች በኋላ ፑሊው ሲወላገድ ወይም ጨርሶ ሲወልቅ ጥፋቱ በዕቃው ላይ ይላከካል፤ በእውነቱ ግን በታደሰ ሞተር ላይ የሚደርሰው የክራንክ ፑሊ ብልሽት በአመዛኙ የዕቃው ሳይሆን የአስተሳሰሩ ጉድለት ነው።

ስሕተቱ የሚጀምረው የአንዲት ትንሽ ብረት ተግባር በትክክል ካለመታወቁ ነው። በአፍንጫው ላይና በፑሊው ውስጠኛ ቀዳዳ ላይ ትይዩ የሆኑ ቦዮች አሉ፤ በሁለቱ መካከልም ኪይ የሚባል፣ በአንዳንድ ሞተሮች ላይ የግማሽ ጨረቃ ቅርጽ ያለው ሽብልቅ ይገባል። ይህን ያየ ሰው ፑሊውን ከዘንጉ ጋር አስሮ የሚያዞረው ኪዩ ነው ብሎ ቢያምን አይፈረድበትም፤ ብዙ ተለማማጆችም ሥራውን የጀመሩት እንዲሁ ተብለው ነው። የኪዩ ዋና ተግባር ግን ጥርሱና ፑሊው በትክክለኛው ማዕዘን እንዲቀመጡ ማድረግ ሲሆን፣ ጭነቱን የሚሸከመው ብሎኑ ሲጠብቅ ክፍሎቹን እርስ በርስ የሚያጣብቅበት ኃይልና ከመጣበቁ የሚወለደው ሰበቃ ነው። ማዝዳ ከ2000ዎቹ (እ.ኤ.አ.) መጀመሪያ አንሥቶ የሠራቸው አንዳንድ ባለ 4 ሲሊንደር ሞተሮችና ከእነርሱ ጋር አንድ ዝርያ የሆኑት የፎርድ ዱራቴክ ሞተሮች በዚህ ቦታ ላይ ምንም ኪይ የሌላቸው መሆናቸው ለነገሩ በቂ ማስረጃ ነው፤ ካምሻፍቱን የሚያዞረው ጥርስ ሳይቀር የሚያዘው በብሎኑ ጥብቀት ብቻ ስለሆነ፣ ይህን ብሎን ያላላ ሰው የሞተሩን ታይሚንግ፣ ማለትም የባልቦላዎቹ መከፈቻና መዘጊያ ከፒስተኖቹ ጋር የሚጣጣምበትን ጊዜ፣ እንደ አዲስ ለማስተካከል ይገደዳል።

ማጣበቂያው ኃይል ሲጎድል ኪዩ ያልተፈጠረለትን ሥራ ይረከባል። ባለ 4 ሲሊንደር ሞተር በደቂቃ 3,000 ጊዜ ሲዞር በየሰከንዱ 100 የፍንዳታ ግፊት ይቀበላል፤ በእያንዳንዱ ግፊት ዘንጉ ይፈጥናል፣ በግፊቶቹ መካከል ደግሞ ይዘገያል፣ በቺንጊያ የተያያዙት ክብደቶች ግን በነበራቸው ፍጥነት መቀጠል ስለሚፈልጉ በኪዩ ላይ የሚያርፈው ኃይል አንዴ ወደ ፊት አንዴ ወደ ኋላ ይገለባበጣል። ላላ ያለ ኪይ በዚህ መዶሻ ውስጥ ብዙ አይቆይም። መጀመሪያ የሚታየው ክፍተት ከሚሊሜትር መቶኛ የማይበልጥ ሊሆን ይችላል፤ ነገር ግን ክፍተቱ ምቱን ያበረታል፣ ምቱም መልሶ ክፍተቱን ያሰፋል፣ በመጨረሻም ቀጥ ብሎ የተቆረጠው የኪይ ቦይ ጠርዙ ተበልቶ አፉ ይሰፋል። በዚህ ደረጃ የተጎዳው በርካሽ የሚለወጠው ፑሊ ሳይሆን የሞተሩ ዋና ዘንግ ነው።

ብሎኑ ምን ያህል መጥበቅ እንዳለበት የሚለካው በኒውተን ሜትር ነው፤ 1 ኒውተን ሜትር፣ 1 ሜትር በሚረዝም እጀታ ጫፍ ላይ 100 ግራም ገደማ የሚመዝን ነገር ሲንጠለጠል የሚፈጠረው የማዞር ኃይል ነው። የቶዮታ 22 አር ቤንዚን ሞተር የክራንክ ፑሊ ብሎን 157 ኒውተን ሜትር ሲጠይቅ፣ በኢትዮጵያ ገጠር መንገዶች ላይ በላንድ ክሩዘር የሚታወቀው ባለ 6 ሲሊንደር 1 ኤች.ዜድ ናፍጣ ሞተር 430 ኒውተን ሜትር ይጠይቃል፤ ይህም በ1 ሜትር እጀታ ጫፍ ላይ 44 ኪሎ ግራም ያህል እንደ ማንጠልጠል ነው። ክንዱ የበረታ መካኒክ በአጭር እጀታ «ጠብቋል» ሲል የሚሰማው ስሜት ከዚህ መጠን ግማሹን እንኳ ላይሞላ ይችላል። በዚህ ላይ ብሎኑን ለማዞር ከሚወጣው ጉልበት ወደ ማጣበቂያ ኃይል የሚለወጠው አንድ አሥረኛው ገደማ ብቻ ሲሆን፣ የተረፈው በብሎኑ ራስ ሥርና በጥርሶቹ ላይ በሰበቃ ይጠፋል። ስለዚህ የቆሸሸ የብሎን ጥርስ፣ የተጫረ ዋሸር፣ ወይም በፑሊው ፊት ላይ የቀረ ቀለም፣ መለኪያው ትክክለኛውን ቁጥር እያሳየም ቢሆን፣ ከማጣበቂያው ኃይል ትልቅ ድርሻ ይወስዳል፤ በአፍንጫው ውስጥ ያለው ድፍን ቀዳዳ በዘይት ከተሞላም ብሎኑ ዘይቱን እየገፋ በሐሰት የጠበቀ ይመስላል። በታደሰ ሞተር ላይ ይህ ሁሉ የተለመደ ነው፤ ዘንጉ ወደ ቶርኖ ቤት ሄዶ፣ ተሞርዶ፣ በዘይት ተቀብቶ የሚመለስ በመሆኑ የአፍንጫውን ቀዳዳ አጥቦ በአየር ማድረቅ ከገጣጣሚው ይጠበቃል።

በዚህ ጉዳይ ከሁሉ ይበልጥ የሚያስተምረው የማዝዳ ኤም.ኤክስ. 5 ታሪክ ነው። እ.ኤ.አ. በ1989 ለገበያ የቀረበችው ይህች ትንሽ ክፍት መኪና የመጀመሪያዎቹ 1.6 ሊትር ሞተሮቿ አጭር አፍንጫ ያለው ክራንክ ሻፍት ነበራቸው፤ ኪዩና ጥርሱ የሚይዙት የዘንግ ርዝመት አነስተኛ በመሆኑ፣ የታይሚንግ ቺንጊያ ለመለወጥ ብሎኑ ተፈትቶ በጉድለት በታሰረ ቁጥር የኪዩ ቦይ መበላት ይጀምር ነበር። ሞተሩ ቀስ በቀስ ጉልበቱ ይደክማል፣ የማቀጣጠያው ጊዜ ይዛባል፣ ፑሊው በዓይን እስኪታይ ይወዛወዛል። ፋብሪካው በ1991 አፍንጫውን ረዘምና ወፈር አድርጎ ቀይሮታል፤ የብሎኑም ጥብቀት ከ108 እስከ 118 ኒውተን ሜትር የነበረው ከ157 እስከ 166 ኒውተን ሜትር ሆኗል። ከዚህ ታሪክ የሚወሰደው ቁም ነገር ግን የንድፉ ድካም ብቻ አይደለም፤ ያው አጭር አፍንጫ ያላቸው ብዙ ሞተሮች ብሎናቸው በንጽሕናና በልክ ታስሮ ዓሥርተ ዓመታት ማገልገላቸው፣ ደካማ ንድፍ እንኳ የአስተሳሰር ጥንቃቄን እንደሚያከብር ያሳያል። የዚህ ሞተር ባልቦላዎች ታይሚንጉ ቢዛባም ፒስተን የማይነኩ በመሆናቸው ባለቤቶቹ ዕድለኞች ነበሩ፤ በባልቦላና በፒስተን መካከል እጅግ ጠባብ ክፍተት ባለው የናፍጣ ሞተር ላይ ተመሳሳይ ብልሽት የታደሰውን ቴስታታ በቅጽበት ያበላሻል።

ሁለተኛው የብልሽት ዓይነት ከብሎኑ ጋር አይገናኝም። በብዙ መኪኖች ላይ ክራንክ ፑሊው የንዝረት ማብረጃ፣ በተለምዶ ዳምፐር የሚባለው፣ ጭምር ነው፤ ውስጠኛው እምብርትና ውጫዊው ከባድ ቀለበት በመካከላቸው ባለ የጎማ ንብብር የተያያዙ ሲሆን፣ ዘንጉ በፍንዳታዎቹ ብዛት እንደ ጨርቅ ሲጠመዘዝና ሲፈታ ቀለበቱ ወደ ኋላ እየቀረ ንዝረቱን ይውጠዋል። ጎማው በዘይትና በሙቀት ሲደርቅ ቀለበቱ በእምብርቱ ላይ መንሸራተት ይጀምራል፤ የታይሚንግ ምልክቱ የተቀረጸው በቀለበቱ ላይ ከሆነ ደግሞ ምልክቱ ሐሰተኛ ይሆናል፣ በእርሱ አምኖ ማቀጣጠያውን ያስተካከለ ሰውም ሞተሩን ያበላሸዋል። በእድሳት ወቅት ይህን ጎማ የሚገድለው አብዛኛውን ጊዜ መንቀያው ነው፤ በእምብርቱ ላይ ባሉት የብሎን ቀዳዳዎች መሳብ ሲገባው ውጫዊውን ቀለበት በሦስት ጥፍር ቆንጥጦ የሚስብ መንቀያ ጎማውን ሳይታይ ይቀደዋል። ፑሊውን በመዶሻ መትቶ ማስገባትም እንዲሁ ነውር ነው፤ ምቱ ዘንጉን በቁመቱ የሚይዙትን አዳዲስ ቤሪንጎች ይጎዳል።

ባለሙያውን ከሁሉ የሚፈትነው ምርመራው ነው፤ ምክንያቱም የላላ ፑሊ የሚያሰማው ድምፅ ከተበላ የኮኔክቲንግ ሮድ ቤሪንግ፣ ማለትም ፒስተኑን ከዘንጉ ከሚያገናኘው ክንድ መያዣ፣ ድምፅ ጋር በእጅጉ ይመሳሰላል። በዚህ ስሕተት የተነሣ ደኅና ሞተር እንደገና የሚወርድበት፣ ባለንብረቱም ሁለተኛ ዕዳ የሚገባበት ጊዜ አለ፤ ይህ ደግሞ በሙያው ውስጥ ሊያሳፍር ከሚገባው ነገር አንዱ ነው። ሞተሩ ከመውረዱ በፊት ቺንጊያዎቹን አውልቆ፣ የውሃ ፓምፑ ስለሚቆም ከአንድ ደቂቃ ላነሰ ጊዜ ብቻ ሞተሩን አስነሥቶ ድምፁ መለወጡን ማዳመጥ፣ ከእምብርቱ እስከ ቀለበቱ አንድ የጠመኔ መስመር አስምሮ ከጥቂት ጉዞ በኋላ መስመሩ መሰበር አለመሰበሩን ማየት፣ ቀላልና ወጪ የሌለው መንገድ ነው። በብሎኑ ዋሸር ዙሪያ የሚታይ ቀይ ቡናማ ዱቄትም ምስክር ነው፤ ብረት ከብረት ጋር በጥቂቱ እየተፋተገ ሲዝግ የሚወጣ ስለሆነ፣ ዱቄቱ ሳይጠረግ በፊት ሊታይና ፎቶ ሊነሣ ይገባዋል። የታይሚንግ ምልክቱ ካጠራጠረ ደግሞ የአንደኛውን ሲሊንደር ካንዴላ አውጥቶ ፒስተኑ ከፍተኛው ቦታ ላይ መድረሱን በቀጭን ዘንግ ማረጋገጥ ይቻላል።

በብሎኑ አፈታት ረገድ በጋራዦች የተለመደ አንድ ዘዴ ከሌላው ሁሉ ይልቅ ሊተች ይገባል። ረጅም እጀታ ያለው ቁልፍ በብሎኑ ላይ ተሰክቶ በሻሲው ላይ ይደገፍና ሞተሪኖው ለቅጽበት ሲነሣ ብሎኑ ይፈታል። ቁልፉ ከተንሸራተተ ሰው ሊጎዳ መቻሉ ግልጽ ነው፤ ብዙም የማይስተዋለው ሌላው ጉዳቱ ግን ይህ ዘዴ ለመፍታት እንጂ ለማጥበቅ የማያገለግል መሆኑ ነው፤ ዘንጉ የሚዞርበት አቅጣጫ ብሎኑን የሚያላላ እንጂ የሚያጠብቅ አይደለምና። ዘንጉን አጥብቆ የሚይዝ መሣሪያ ሳያዘጋጅ ብሎኑን በሞተሪኖ የፈታ መካኒክ፣ ማሰሪያው ሰዓት ሲደርስ 157ም ሆነ 430 ኒውተን ሜትር የሚያወጣበት መንገድ አይኖረውም፤ በአየር ወይም በባትሪ የሚሠራውን መምቻ ቁልፍ ይዞ በድምፁ ይገምታል። ሞተሩ ገና ከመኪናው ውጭ ሳለ የፍላይዊሉን ጥርስ በመያዣ ቆልፎ ብሎኑን በቶርክ ሬንች፣ ማለትም መጠኑን በሚለካው ቁልፍ፣ ማሰር የአሥር ደቂቃ ሥራ ስለሆነ፣ ሞተሩ መኪናው ውስጥ ገብቶ ቦታው እስኪጠብ የሚያስጠብቅ ምክንያት የለም። በ1.9 ሊትር የፎልክስዋገን ቱርቦ ናፍጣ ሞተር ላይ እንዳለው ዓይነት በ120 ኒውተን ሜትር ጠብቆ ተጨማሪ 90 ዲግሪ የሚዞር ብሎን ደግሞ ሆን ተብሎ የሚለጠጥ በመሆኑ፣ አንዴ ከተፈታ ዳግመኛ አይታሰርም፤ በአዲስ መተካት አለበት።

ጉዳቱ ከደረሰ በኋላ የሚደረገው ጥገና በቦዩ ሁኔታ ይወሰናል። ቦዩ ጠርዙ ካልተበላ አዲስ ኪይ፣ አዲስ ብሎንና ንጹሕ ፊት ይበቃሉ። ክፍተቱ ከግማሽ ሚሊሜትር ካላለፈ እንደ ሎክታይት 660 ያለ፣ በብረቶች መካከል ያለውን ክፍተት ሞልቶ የሚጠነክር ማጣበቂያ ከአዲስ ኪይ ጋር መጠቀም፣ በኤም.ኤክስ. 5 ባለቤቶች ዘንድ ለዓመታት ተፈትኖ የቆየ፣ ዘንጉን ሳያወርዱ ሞተርን የሚያተርፍ ዘዴ ነው፤ ብረቱ ከዘይት ፈጽሞ ካልጸዳ ግን አይይዝም። ከጠንካራ ብረት በሞረድ ተሠርቶ በግድ የሚገባ ወፍራም ኪይ ለጊዜው ጠባቂ ቢመስልም መወገዝ አለበት፤ ጭነት ሲመጣ መበላት የሚገባው ርካሹ ኪይ እንጂ ዘንጉ አይደለም። ቦዩን በብየዳ ሞልቶ እንደገና ማውጣት የሚቻለው ዘንጉ ወርዶ፣ የብየዳው ሙቀት ያጣመመው እንደሆነ በሚገባ ተለክቶ ብቻ ነው፤ በመኪናው ላይ እንዳለ የሚደረግ ብየዳ የፊተኛውን ዘይት ማገጃ ጎማ ያቃጥላል፣ አፍንጫውንም ከመሐሉ ያስወጣል። ተለዋጭ ፑሊ ሲገዛም ቅርጹ መመሳሰሉ አያጠግብም፤ የሼቭሮሌት 400 ኪዩቢክ ኢንች ሞተር ዳምፐር ሚዛን ማስተካከያ ክብደት የተሸከመ ሲሆን የጥንቱ 350 ግን ክብደቱ በዘንጉ ውስጥ የተስተካከለ በመሆኑ፣ አንዱ በሌላው ላይ ቢታሰር ሞተሩ ሲንቀጠቀጥ ይኖራል።

ኢትዮጵያ ከ2016 ዓ.ም. ጀምሮ በነዳጅ የሚሠሩ የግል መኪኖች ወደ አገር እንዳይገቡ በመከልከሏ፣ በመንገድ ላይ ያሉት ሞተሮች ወደፊት ከአንድ ጊዜ በላይ ወርደው የሚታደሱ ይሆናሉ፤ አንዱ አፍንጫም በተለያዩ መካኒኮች እጅ ደጋግሞ ይፈታል፣ ይታሰራል። ስለዚህ ብሎኑ በልክ ከታሰረ በኋላ በራሱና በፑሊው ፊት ላይ አንድ ቀጥ ያለ የቀለም መስመር ማስመርና የመጀመሪያው ዘይት ሲቀየር መስመሩን መመርመር ያስፈልጋል። መስመሩ ተሰብሮ ከተገኘ ብሎኑን ባለበት ማጥበቅ አይበቃም፤ ፊቶቹ ተፋትገው ሊሆን ስለሚችል ተፈትቶ፣ ኪዩና ቦዩ ታይተው፣ እንደ አዲስ መታሰር አለበት። ለባለንብረቱ በሚሰጠው የእድሳት ወረቀት ላይም ከፒስተኑና ከቤሪንጉ ልክ ቀጥሎ የክራንክ ፑሊው ብሎን አዲስ ወይም አሮጌ መሆኑ፣ የጠበቀበት መጠንና ቀኑ ሊጻፉ ይገባል፤ ያን ሞተር በሌላ ከተማ ተቀብሎ የታይሚንግ ቺንጊያውን የሚለውጠው መካኒክ ቁልፉን ከማንሣቱ በፊት የሚፈልገው በወረቀቱ ላይ ያለውን ይህንኑ መስመር ነው።