የተራራው ትምህርት

ከደሴ ወደ ወልድያ የሚጓዝ መንገደኛ ውጫሌን አልፎ ውርጌሳ ሲደርስ፣ በስተግራው ከፍ ያለውን የወሎ ተራራ፣ በስተቀኙ ደግሞ ወደ አፋር የሚያቆለቁለውን ምድር ይመለከታል። ለፊዚክስ መምህር ይህ ሥፍራ ክፍት ቤተ ሙከራ ነው። ለመሆኑ ለሰውነት ማጎልመሻ መምህርስ?

50 ኪሎ ግራም የሚመዝን ተማሪ 100 ሜትር ከፍታ ሲወጣ፣ የመሬትን ስበት ለማሸነፍ ብቻ 49,000 ጁል ያህል ሥራ ይሠራል። ከዚያው ከፍታ የሚወርድ 50 ሊትር ውሃም ይህንኑ ያህል ጉልበት ይለቃል። የጎርፍ ፍጥነት 2 እጥፍ ሲሆን የእያንዳንዱ ሊትር ጉልበት 4 እጥፍ ያድጋል፤ ሊያንከባልለው የሚችለው የድንጋይ ክብደት ግን በንድፈ ሐሳብ 64 እጥፍ ይሆናል። እርከን አፈርን የሚያድነው ይህንን ፍጥነት ስለሚገታ ነው። ዳገቱን ሮጦ የወጣ ተማሪ ቀመሩን በሳንባውና በእግሩ ያውቀዋል።

ስፖርትንና የተፈጥሮ ጥበቃን አስተባብሮ የያዘ ሰው በአገራችን ታሪክ አልታጣም። በዌልስ የተወለደውና በጃፓን ካራቴ የተማረው ክላይቭ ኒኮል፣ እ.ኤ.አ. ከ1967 እስከ 1969 የሰሜን ተራሮችን ፓርክ ለማቋቋም በኃላፊነት ሠርቷል። ፓርኩ እ.ኤ.አ. በ1978 በዓለም ቅርስነት ተመዘገበ፤ ከ1996 እስከ 2017 ግን ለአደጋ ከተጋለጡ ቅርሶች ተርታ ቆየ። ኒኮል ኋላ በጃፓን ኖሮ የተጎሳቆለ ደን እየገዛ መልሶ አለማ። ስሙንም «አፋን» አለው፤ አፋን የከሰል ማዕድን ያራቆታቸው ኮረብቶች ዳግም ደን የለበሱበት የዌልስ ሸለቆ ነው። ኒኮል እ.ኤ.አ. በ2020 አረፈ።

ወሎ በ1966 እና በ1977 ዓ.ም. የደረሰውን ረሃብ አይረሳም። በደርግ ዘመን ብዙ እርከን ተሠራ፤ ብዙ ችግኝም ተተከለ። ሆኖም በ1983 ዓ.ም. መንግሥት ሲለወጥ ከደኑ ብዙው ተጨፈጨፈ። ዛፉ በትእዛዝ የተተከለ እንጂ ባለቤት የተበጀለት አልነበረምና።

ባለቤትነት በመማሪያ ክፍል ውስጥ ብቻ አይበቅልም። በትምህርት ቤቶቻችን ተማሪዎችን ዘወትር ከክፍል አውጥቶ የሚያስተምረው የሰውነት ማጎልመሻ መምህር ነው። እርሱ በወር አንድ ክፍለ ጊዜ ከኳስ ሜዳው ወደ ዳገቱ ቢያዞር፣ ተማሪዎቹም ሮጠው በወጡበት ተዳፋት ላይ የፈረሰ እርከን ቢጠግኑ፣ በቀጣዩ ክረምት እርከኑ ምን ያህል አፈር እንደያዘ ራሳቸው ሄደው ያያሉ። የለኩትንና የጠገኑትን እርከን ሌላ ሲያፈርሰውም ዝም ብለው አይመለከቱም።