ኮንዶም የሚከሽፈው መቼ ነው?

አንዳንድ የእርግዝና መከላከያዎች ሆርሞን የላቸውም፤ የወር አበባንም አያዛቡም። ሥራቸው የወንዱ ዘር ወደ ማኅፀን እንዳይዘልቅ መንገዱን መዝጋት ወይም ዘሩን መግደል ነው። የወንድና የሴት ኮንዶም፣ ዲያፍራም፣ እንዲሁም ዘር ገዳይ ቅባቶችና እንክብሎች ከዚህ ወገን ናቸው። መርፌም ቀዶ ሕክምናም ስለማይጠይቁ ተጠቃሚው ራሱ ሊለማመዳቸው ይችላል፤ ካልተለማመዳቸው ግን ብዙ አይታመኑም።

ልዩነቱን ቁጥር ያሳያል። የወንድ ኮንዶም በእያንዳንዱ ግንኙነት በትክክል ሥራ ላይ ከዋለ፣ በአንድ ዓመት ውስጥ ከ100 ሴቶች የሚያረግዙት 2 ያህል ናቸው። ሰው በተለምዶ እንደሚጠቀምበት ሲሆን ግን ቁጥሩ ወደ 13 ያሻቅባል። ኮንዶሙ የተሠራበት ላቴክስ ያው ነው፤ ጉድለቱ ያለው አንዳንዴ በመተው፣ ዘግይቶ በማጥለቅና በአያያዝ ላይ ነው።

ልምምዱ ከእሽጉ ይጀምራል። በመጀመሪያ የአገልግሎት ጊዜው ማለፍ አለማለፉ ይታያል። ቀጥሎ እሽጉ በጣት ጫን ይባላል፤ እንደ ትንሽ ትራስ አየር ካልያዘ ተበስቷልና ይጣላል። በኪስ ቦርሳ ወይም በመኪና ውስጥ ለወራት የከረመም ሙቀትና ፍትጊያ ስለሚጎዳው አያስተማምንም። እሽጉ የሚከፈተው በጣት እንጂ በጥርስ ወይም በመቀስ አይደለም። ብልት ከቆመ በኋላ፣ ገና ሳይነካኩ፣ የኮንዶሙ ጫፍ በሁለት ጣት ተይዞ አየሩ ይወጣል፤ ከዚያ እስከ ሥሩ ድረስ እየተዘረጋ ይወርዳል። አልዘረጋ ካለ በግልባጩ ተቀምጧል ማለት ነው። ዘር ነክቶት ሊሆን ስለሚችል ገልብጦ ማጥለቅ አይገባም፤ አዲስ ይከፈታል። ዘር ከፈሰሰ በኋላ ደግሞ ብልት ሳይላላ የኮንዶሙን አፍ ከሥሩ ይዞ መውጣት ያስፈልጋል፤ ከተዘገየ ሊያመልጥና ውስጥ ሊቀር ይችላል።

ቫዝሊን፣ የምግብ ዘይት፣ ቅቤና የሰውነት ሎሽን ላቴክስን በደቂቃዎች ውስጥ ያዳክማሉ። ማለስለሻ ካስፈለገ ከውኃ ወይም ከሲሊኮን የተሠራው ይመረጣል።

የሴት ኮንዶም ሁለት ቀለበቶች አሉት፤ አንዱ ወደ ማኅፀን በር ይገፋል፣ ሌላው ከብልት ውጪ ይቀራል። ከግንኙነት በፊት ሰዓታት ቀደም ብሎ ሊገባ መቻሉ ለሴቷ የራሷን ውሳኔ ይሰጣታል፤ ትልቁ ጥቅሙም ይኸው ነው። በተለምዶ አጠቃቀም ግን በዓመት ከ100 ሴቶች 21 ያህሉ ያረግዛሉ።

ዲያፍራም የማኅፀንን በር የሚሸፍን ለስላሳ ክዳን ሲሆን፣ ዘር ገዳይ ቅባት ተቀብቶ ይገባል። ከግንኙነት በኋላ ቢያንስ 6 ሰዓት ይቆያል፤ ከ24 ሰዓት በላይ ግን መቆየት የለበትም። ዘር ገዳይ ለብቻው ደካማ ነው። ኖኖክሲኖል-9 የተባለው ደግሞ በተደጋጋሚ ጥቅም ላይ ሲውል የብልትን ስስ ቆዳ ስለሚያቆስል ለኤች አይ ቪ ተጋላጭ የሆነች ሴት ልትርቀው ይገባል።

ከእነዚህ ሁሉ ኤች አይ ቪንና ሌሎች የአባላዘር በሽታዎችን ለመከላከል የሚታመነው ኮንዶም ብቻ ነው። ኪኒን፣ መርፌ ወይም በክንድ የሚቀበር መከላከያ የምትጠቀም ሴትም ኮንዶም ብትጨምር ትክክል ናት።

ኮንዶም ከተቀደደ ወይም ከወለቀ መፍትሔ አለ። ድንገተኛ የእርግዝና መከላከያ ኪኒን በ5 ቀናት ውስጥ ይወሰዳል፤ በፈጠነ መጠን ይሻላል። ለኤች አይ ቪ መጋለጥ የሚያሰጋ ከሆነ ደግሞ የመከላከያው መድኃኒት በ72 ሰዓት ውስጥ መጀመር አለበት።