ሜዳ የማይበቃው ሯጭ

ከባሕር ጠለል በላይ 4,000 ሜትር ላይ አየሩ ይሳሳል። ሰው በአንድ ትንፋሽ የሚያገኘው ኦክስጅን ባሕር ዳርቻ ላይ ከሚያገኘው 60 በመቶ ገደማ ብቻ ነው። ያልለመደው መንገደኛ ጥቂት እንደተራመደ ቆሞ ያለከልካል። በመካከለኛው እስያ፣ በቲየን ሻን ተራሮች ላይ ግን እንዲህ ባለ ከፍታ፣ ድንጋዩ ከእግር ሥር በሚናድበት ዳገት፣ የዱር ፍየል አባርሮ የሚያቆም ውሻ አለ። ታይጋን ይባላል፤ አገሩም ኪርጊስታን ነው።

ከኪርጊስታን መሬት ከ90 በመቶ በላይ የሚሆነው ተራራማ ነው። አርብቶ አደሮቹ ሙቀት ሲገባ መንጋቸውን ጃይሎ ወደሚሉት የላይኛው ግጦሽ ያወጣሉ፤ ብርዱ ሲመጣ ይወርዳሉ። ለእንዲህ ያለ ኑሮ ፈረስ፣ ንስርና ውሻ ጌጥ ሳይሆኑ ሥጋና ቆዳ ማግኛ ነበሩ።

ብዙ አዳኝ ውሻ አፍንጫውን መሬት ላይ ደፍቶ ዱካ ይከተላል። ታይጋን የሚመደበው ግን አደኑን በዓይኑ አይቶ በሩጫ ከሚይዙት ወገን ነው። የእንግሊዙ ግሬይሀውንድ፣ የመካከለኛው ምሥራቁ ሳሉኪና የካዛኮቹ ታዚም ከዚሁ ወገን ናቸው። ሁሉም ደረታቸው ጥልቅ፣ ወገባቸው ቀጭን፣ እግራቸው ረጅም ነው። በሙሉ ኃይላቸው ሲጋልቡ በእያንዳንዱ ዙር አራቱም እግሮቻቸው ሁለት ጊዜ ከመሬት ይለቃሉ፤ አንዴ ሰውነታቸው ሲዘረጋ፣ አንዴ ደግሞ ሲሰበሰብ።

ታይጋንን ከዘመዶቹ የለየው ተራራው ነው። ወንዱ ትከሻው ላይ ሲለካ ከ65 እስከ 70 ሴንቲሜትር ይደርሳል። ጆሮው ላይ ረጅም ጸጉር ይንዠረገጋል፤ የጅራቱ ጫፍ ተጠምዝዞ ቀለበት ይሠራል። ብርዱ ሲበረታ ከላይኛው ጸጉር ሥር ወፍራም ለስላሳ ጸጉር ያበቅላል። በለጥ ያለ ሜዳ ላይ በሰዓት ወደ 70 ኪሎ ሜትር ከሚጠጋው ግሬይሀውንድ ጋር ቢወዳደር ይቀደማል። ግሬይሀውንድ ግን አጭር ርቀት ሮጦ ትንፋሹ ያልቃል፤ ታይጋን ዳገት ወጥቶ፣ ገደል ዞሮ፣ እንደገና ሽቅብ መሮጥ ይችላል። አደኑ ከሸንተረሩ ጀርባ ተሰውሮ ከዓይን ሲጠፋም አፍንጫውን ይጠቀማል። በዓይን ከሚያድኑ ውሾች መካከል እንዲህ ማሽተት የሚያዘወትር ብዙ የለም።

ዋነኛ ተፎካካሪው የመካከለኛው እስያ የተራራ ፍየል ነው፤ የስሜን ተራሮቹ የዋልያ ዘመድ ማለት ነው። የጎለመሰው ወንድ ከ100 ኪሎ ሊያልፍ፣ ቀንዱም ከአንድ ሜትር ሊረዝም ይችላል። አደጋ ሲሰማው ውሻ ሊወጣው ወደማይችለው ዐለት ነው የሚሸሸው። ጥሩ ታይጋን የሚለየው እዚህ ላይ ነው። መንገዱን ቆርጦ ፍየሉን አንድ ጠርዝ ላይ ያስጨንቀውና ከፊቱ ቆሞ ይጮኻል፤ ባለቤቱ በፈረስም በእግርም እስኪደርስ እንዳያመልጥ ይይዘዋል። ቸኩሎ የሚዘልበት ውሻ በቀንድ ተወግቶ ገደል ይገባል። ስለዚህ አዳኞቹ ከእግሩ ፍጥነት ባላነሰ ትዕግሥቱን ይፈልጉታል።

ቀበሮና ተኩላ ሲታደኑ ታይጋን ከወርቃማ ንስር ጋር ይሠለፋል። ከንስር፣ ከውሻና ከቀስት ጋር የተያያዘው ይህ የአደን ባህል ሳልቡሩን ይባላል። በአዳኝ ወፍ ማደን በዩኔስኮ የማይዳሰሱ ቅርሶች መዝገብ ላይ ከሰፈረ በኋላ ኪርጊስታንም በ2021 ከባለቤቶቹ አገሮች አንዷ ሆና ተጨምራለች።

ሕዝቡ ለዚህ ውሻ ያለው ፍቅር በቃል ግጥሙም ውስጥ አለ። «ማናስ» የተባለው የኪርጊዞች የጀግንነት ተረክ ሳያክባይ ካራላዬቭ ባወረደው ቅጂ ከ500 ሺህ በላይ ስንኞች አሉት። የጀግናው የማናስ ውሻ ኩማይክ ይባላል። በአፈ ታሪኩ መሠረት ኩማይክ ከውሻ አልተወለደም፤ ኩማይ ከሚባለው የተራራ ጥንብ አንሣ እንቁላል የተፈለፈለ ነው። ንስሩ በሚበርበት ከፍታ የሚሮጥን እንስሳ ላየ ሕዝብ ይህ የሚገባው ክብር ነው።

ከዚያ ዘመኑ ተለወጠ። በ1930ዎቹ የሶቪየት መንግሥት ዘላኖቹን በግድ መንደር አሰፈረ፤ መንጋውም የጋራ እርሻ ንብረት ሆነ። ጠመንጃ ተስፋፋ፣ የዱር እንስሳው ቁጥር ቀነሰ፤ ታይጋንም ከሌሎች ሯጭ ውሾች ጋር እየተዳቀለ መልኩ ይደበዝዝ ጀመር። አገሪቱ በ1991 ነፃ ስትወጣ ንጹሑ ዝርያ በአብዛኛው የተረፈው ከከተማ በራቁ እረኞች እጅ ነበር።

ዛሬ ታይጋን የአገር ኩራት ሆኖ ወደ አደባባይ ወጥቷል። ኪርጊስታን በኢሲክ ኩል ሐይቅ ዳርቻ በ2014፣ በ2016 እና በ2018 ባዘጋጀችው የዓለም የዘላኖች ጨዋታ ላይ ታይጋኖች በገመድ የሚጎተት ሐሰተኛ አደን ሲያባርሩ ብዙ ተመልካች አይቷል። ይህ መልካም ነው፤ ወጣቶች ቡችላ እንዲያሳድጉ ያነሣሣል። ብቻውን ግን አያድነውም። እርባታው በሜዳ ሩጫ ብቻ ከተመራ ከጥቂት ትውልድ በኋላ የሚቀረው ረጅም ጸጉር ያለው የሜዳ ሯጭ ነው። የዐለቱ ብልሃት፣ የትንፋሹ ርዝመትና የአፍንጫው ጥቅም በሜዳ ላይ አይፈተኑም፤ ያልተፈተነ ጠባይ ደግሞ ከዘር ሐረጉ ይጠፋል።

ችግሩ ተራራውም ሕመም ያለበት መሆኑ ነው። አርጋሊ የተባለው ትልቁ የዱር በግ ለመጥፋት የተጋለጡ እንስሳት በሚመዘገቡበት በአገሪቱ ቀይ መጽሐፍ ውስጥ ገብቶ ጥበቃ ይደረግለታል፤ የተራራ ፍየሉም የበረዶ ነብር ዋና ምግብ ነው። ውሻው ሥራውን እንዳይረሳ ተብሎ እነዚህን እንስሳት መጨረስ አይቻልም። ስለዚህ የታይጋን ወዳጅ ነኝ የሚል ሁሉ ለፍየሉም መቆርቆር ይኖርበታል። ቀድሞ የአደን ቀጠና የነበረው የሻምሺ ሸለቆ ዛሬ የዱር እንስሳት መጠበቂያ ሆኗል፤ በሌሎች ሸለቆዎችም የአካባቢው ነዋሪዎች ራሳቸው ጠባቂ ሆነው የፍየሉን ቁጥር እየተከታተሉ፣ አደኑን በፈቃድና በወቅት ይወስናሉ።