የፍሬን ዲስክ ስትገዙ ዋጋውን በፍሬ ሳይሆን በኪሎ ሜትር አስሉት

የዛሬው ጽሑፍ ስለ ቡና ወይም ስለ ሰሊጥ ዋጋ አይደለም፤ ቡናውንና ሰሊጡን ለማየት ስለምትሄዱበት መኪና ነው። ብዙዎቻችሁ በሥራ ቀን ወደ ጅማ ወይም ወደ መተማ የምትወጡበት፣ እሁድ ደግሞ ቤተሰብ የምትጭኑበት መኪና አንድ ነው፦ ራቭ ፎር፣ ቱሳን፣ ፕራዶ ወይም የመሳሰሉት።

ነገሩን አሁን ያነሳነው ከገበያው ጋር ስለሚገናኝ ነው። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ፣ ለላኪው በብር ሲታይ የተሻለ ዋጋ ያመጣው ምንዛሪ መለዋወጫውንም አስወድዶታል። በዚያው ዓመት በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች እንዳይገቡ ስለተከለከለ፣ እጃችን ላይ ያለውን ጠግኖ ማቆየት ግድ ሆኗል። እንግዲህ ባለሱቁ «ኦሪጅናሉ ተወዷል፣ ይኼኛውም ያው ነው» ሲላችሁ፣ በርግጥ ያው መሆኑን መመርመር የናንተ ፋንታ ነው።

🔹 ዲስኩ የሚሸከመው ምንድን ነው?

ፍሬን ስንይዝ የመኪናው ፍጥነት ወደ ሙቀት ይቀየራል። ሙቀቱን የሚቀበለውም በአብዛኛው ዲስኩ ነው፣ በተለይ የፊተኛው። ሰውና ዕቃ ጭኖ 2,000 ኪሎ የሚመዝን መኪና ከ80 ኪሎ ሜትር ፍጥነት እስኪቆም 494 ኪሎ ጁል ያህል ሙቀት ይወጣል።

አሁን ዓባይ በረሃን አስቡት። ከጎሐ ጽዮን እስከ ድልድዩ ቁልቁለቱ ከ1,300 ሜትር በላይ ይወርዳል። ያንን ሁሉ በፍሬን ብቻ የወረደ ሰው፣ ከ80 ፍጥነት 50 ጊዜ ያህል እንደቆመ ይቆጠራል፤ ያውም ዲስኩ ሳይበርድ። የጊቤ ቁልቁለትም መልኩ ያው ነው። በዝቅተኛ ማርሽ መውረድ የሚመከረው ለዚህ ነው። ማርሹ ግን የሳሳ ወይም የተሰነጠቀ ዲስክ አያድንም።

🔹 መቼ ይቀየራል?

እያንዳንዱ ዲስክ ጠርዙ ወይም መሐሉ ላይ «ሚኒመም» የሚል የእንግሊዝኛ ጽሑፍና በሚሊ ሜትር የተጻፈ ቁጥር አለው። ውፍረቱ ከዚያ ቁጥር በታች ከወረደ ዲስኩ አለቀ ማለት ነው፤ ክርክር የለውም። መካኒኩ በማይክሮሜትር ይለካላችሁ። በተራ ቨርኒየር ከተለካ ግን ያልተበላው የዳር ከንፈር እየያዘው ዲስኩን ወፍራም ያስመስለዋል።

ስንጥቅ ከታየ፣ በሙቀት ብዛት ሰማያዊ ነጠብጣብ ካወጣ፣ ወይም ጥፍር የሚይዝ ጥልቅ ጭረት ካለውም አታቆዩት።

ፍሬን ሲያዝ መሪው ወይም ፔዳሉ ከተንቀጠቀጠ «ዲስኩ ተጣሟል» ይባላል። ብዙ ጊዜ ግን መጣመም ሳይሆን የውፍረት አለመመጣጠን ነው። የሚሊ ሜትር መቶኛ ልዩነት እንኳ እግር ላይ ይሰማል። መነሻው በአብዛኛው ዲስኩ ከሐቡ ጋር ልክ ሳይገጥም መታሰሩ ነው። ቶርኖ ቤት አስገብቶ ማስላጥ ይቻላል፤ ሆኖም ከተላጠ በኋላ የሚቀረው ውፍረት ከተጻፈው ቁጥር በላይ መሆን አለበት። ሳይለኩ ማስላጥ ያለቀን ዲስክ የበለጠ ማሳሳት ነው።

🔹 የትኛውን ዓይነት?

1. ልሙጡ፦ ለቤተሰብ መኪና የሚበቃው ይኼ ነው። ፊተኛው በሁለት ገጽ መካከል አየር ማሳለፊያ ያለው ከሆነ የምትገዙትም እንደዚያው ይሁን።

2. የተበሳው፦ ለዓይን ያምራል። ቀዳዳዎቹ ግን ሙቀት ሲበዛ የስንጥቅ መነሻ ይሆናሉ፤ በጭቃ መንገድም ይደፈናሉ። ለኛ ሥራ አይመከርም።

3. ቦይ ያለው፦ ጋዝና አቧራ ያስወጣል፤ በአንጻሩ ፓድ ቶሎ ይበላል፣ ድምፅም ያሰማል። ከባድ ለሚጎትት ካልሆነ ትርፉ ትንሽ ነው።

4. የተቀባው፦ ፓዱ የሚነካው ገጽ ላይ ያለው ቅብ በመጀመሪያዎቹ ፍሬኖች ይጠፋል። መሐሉና አየር ማሳለፊያው ላይ ያለው ግን ዝገት ይከላከላል። በክረምት ለሚቆም መኪና ጥቂት ጨምሮ መግዛቱ ያዋጣል። የኤሌክትሪክ መኪና ያላችሁም ልብ በሉ፦ ሞተሩ ራሱ ስለሚያቆመው ዲስኩ ብዙ አይሠራም፤ ስለዚህ ከመበላት ይልቅ ዝገት ይጎዳዋል።

🔹 ሱቅ ላይ ምን እንይ?

ቡና በመልኩ ብቻ እንደማይገዛ ሁሉ ዲስክም በካርቶኑ አይገዛም።

✅ በመኪናው ስም ብቻ አትጠይቁ። አንድ ስም ያለው መኪና ለገልፍ፣ ለአውሮፓና ለጃፓን ገበያ ሲሠራ የዲስኩ ስፋት ሊለያይ ይችላል። የሻንሲ ቁጥሩን ይዛችሁ ሂዱ፤ አሮጌውንም ፈታችሁ ብትወስዱ የተሻለ ነው።

✅ ሚዛን ላይ አውጡት። ይኼ ለነጋዴ የሚቀል ፈተና ነው። አዲሱን ኮፒ ከአዲስ ኦሪጅናል ጋር መዝኑ። ስፋታቸውና ውፍረታቸው እኩል ሆኖ ኮፒው በግልጽ ከቀለለ ብረት ተቀንሷል ማለት ነው፤ ብዙውን ጊዜ ከውስጥ ግድግዳው። ብረት ሲያንስ ሙቀት የሚይዘው አካል አነሰ።

✅ ሁለቱን ገጾች ከጎን እዩ። አንዱ ወፍራም ሌላው ቀጭን ከሆነ ሲፈስስ ሻጋታው ተዛንፏል። አትግዙ።

✅ ዲስኩ ላይ የአምራቹ ስም፣ የምርት ቁጥርና የሚኒመም ውፍረት በግልጽ መቀረጹን አረጋግጡ። ካርቶን በቀላሉ ይኮረጃል፤ ምንም ያልተጻፈበት ዲስክ ግን ባለቤት የለውም። የአውሮፓ ደረጃ «አር 90» የሚል ምልክት ካለው መለዋወጫው ከኦሪጅናሉ ጋር ተነጻጽሮ ተፈትኗል ማለት ነው። የመኪናው ፋብሪካ ካርቶን ባይኖረውም እንዲህ ያለው ጥሩ አማራጭ ነው።

✅ ያገለገለ ከሶማሌ ተራ የምትገዙ ከሆነ ማይክሮሜትር ሳይዙ አትሂዱ። ገና ወፍራም ከሆነና ስንጥቅ ከሌለው ያገለገለ ኦሪጅናል ከማይታወቅ አዲስ ሊሻል ይችላል። ሁለቱም ከአንድ መኪና የወጡና እኩል ውፍረት ያላቸው ይሁኑ።

🔹 ስሌቱ

ቁጥሮቹ ስሌቱን ለማሳየት የተወሰዱ እንጂ የዛሬ የገበያ ዋጋ አይደሉም። ርካሹ ጥንድ 10,000 ብር፣ መካከለኛው 18,000 ብር ነው እንበል፤ የእጅ ዋጋ ለሁለቱም 2,000 ብር።

ርካሹ 20,000 ኪሎ ሜትር ቢሄድ፦ 12,000 ÷ 20,000 = በኪሎ ሜትር 60 ሳንቲም።
መካከለኛው 50,000 ቢሄድ፦ 20,000 ÷ 50,000 = 40 ሳንቲም።

ሱቅ ላይ ርካሽ የነበረው መንገድ ላይ በግማሽ ያህል ተወደደ ማለት ነው። መኪናው ጋራዥ የሚቆምበትን ቀን አልቆጠርንም። በግዢ ወቅት መኪና ለአንድ ቀን ቢቆም ምን እንደሚያሳጣ ከናንተ በላይ የሚያውቅ የለም። የራሳችሁን ዋጋና ኪሎ ሜትር አስገብታችሁ አስሉት። አንዳንዴ መካከለኛው ከኦሪጅናሉም ይበልጥ ያዋጣል፤ ሁሌም ውዱን ግዙ አላልንም።

🔹 ሲገጠም

ጥሩ ዲስክ በመጥፎ አገጣጠም ይበላሻል። ቆማችሁ አሠሩ።

▪️ ግራና ቀኙ አብረው ይቀየሩ፤ አንዱ ብቻ ከተቀየረ መኪናው ወደ አንድ ጎን ሊስብ ይችላል።
▪️ ፓዱም አዲስ ይሁን። አሮጌው ፓድ የአሮጌውን ዲስክ ቅርጽ ይዟል።
▪️ የሐቡ ዝገት በሽቦ ብሩሽ ይጽዳ። መንቀጥቀጥን አስቀድሞ የሚከላከለው ይኼ የአምስት ደቂቃ ሥራ ነው።
▪️ ከዝገት መከላከያነት የተቀባው ዘይት በፍሬን ማጽጃ ይወገድ።
▪️ የጎማው ብሎኖች በመስቀለኛ ተራ፣ በልኩ ይጠበቁ። ጉልበት ያለው ልጅ ስለታገለው ጠበቀ ማለት አይደለም።
▪️ የፍሬን ዘይቱ ሁለት ዓመት ካለፈው ይቀየር። ዘይቱ ከአየር እርጥበት ይስባል። ደረጃው የሚጠይቀው የአዲስ ዶት 4 ዝቅተኛ የመፍያ ነጥብ 230 ዲግሪ ሲሆን እርጥበት ለያዘው ግን 155 ነው። ቁልቁለት ላይ ዘይቱ ከፈላ ፔዳሉ ባዶ ይወርዳል።

ከዚያ ጭር ባለ መንገድ ላይ ከ60 ፍጥነት ወደ 10 ያህል በመካከለኛ ኃይል 10 ጊዜ ያህል ያዙት፤ በመሐሉ እንዲበርድ ጊዜ ስጡት፣ ሙሉ በሙሉም አትቁሙ። ፓዱ ከዲስኩ ጋር የሚላመደው እንዲህ ነው። አዲስ ፍሬን አስገጥሞ በዚያው ቀን ቤተሰብ ጭኖ ዓባይን መውረድ ግን አይገባም፤ ቢያንስ ጥቂት ቀን ከተማ ውስጥ ይሠራ።

ለማኅበራችሁ ሾፌሮችና ለግዢ ሠራተኞች አጋሩት። የነገው የዋጋ መረጃ በተለመደው ሰዓት ይቀጥላል። መልካም ገበያ፣ መልካም መንገድ።