የሻምፒዮንስ ሊግ ታናሽ ወንድም

ማክሰኞና ረቡዕ ማታ የሻምፒዮንስ ሊግ ጨዋታ ካለ ዲ.ኤስ.ቲቪ የሚያሳዩ ቤቶች ጢም ብለው ይሞላሉ። የትኛው ክለብ ማንን እንደሚገጥም፣ ማን እንደተጎዳ፣ አሰልጣኙ ማንን እንደሚያሰልፍ የማያውቅ ተማሪ የለም ቢባል ማጋነን አይሆንም። በዚያው ዕለት፣ ብዙውን ጊዜ ዋናው ጨዋታ ከመጀመሩ ጥቂት ሰዓታት ቀደም ብሎ፣ የእነዚያው ክለቦች ከ19 ዓመት በታች ቡድኖች እርስ በርስ ተጋጥመው እንደሚጨርሱ የሚያውቀው ግን ጥቂቱ ነው። ይህ ውድድር የአውሮፓ እግር ኳስ ማህበራት ኅብረት (ዩኤፋ) የሚያዘጋጀው ዩዝ ሊግ ነው።

ለመሆኑ ዩዝ ሊግ እንዴት ተጀመረ? እንዴትስ ይካሄዳል? ዋንጫውን ያነሱት ልጆች ከዚያ በኋላ የት ደረሱ? ይህ የመጨረሻው ጥያቄ ነገ ስለ ታዳጊዎች የምንዘግበውን እኛን የጋዜጠኝነት ተማሪዎችንም ስለሚመለከት ሰፋ አድርገን እናየዋለን። (በጽሁፉ ውስጥ የተጠቀሱት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

አጀማመሩ

ሐሳቡ መጀመሪያ የመጣው ከዩኤፋ አልነበረም። በ2011 ኔክስትጄን የተባለ የግል ውድድር በ16 ክለቦች ተጀመረ። የመጀመሪያውን ዋንጫ በመጋቢት 2012 የጣሊያኑ ኢንተር ሚላን አያክስን በመለያ ምት አሸንፎ ወሰደ። የዚያን ጊዜ የኢንተር ወጣት ቡድን አሰልጣኝ አንድሪያ ስትራማቾኒ ነበር። በማግስቱ ክለቡ የዋናውን ቡድን አሰልጣኝ አሰናብቶ ቦታውን ለእሱ ሰጠው። ልጆቹን ይዞ የሄደው ሰውዬ የትልልቆቹ አለቃ ሆኖ ተመለሰ ማለት ነው። በሁለተኛው ዓመት አስቶንቪላ ቼልሲን 2 ለ 0 ረትቶ አሸነፈ። ከዚያ በኋላ ኔክስትጄን አልቀጠለም፤ ዩኤፋ የራሱን ውድድር በ2013/14 የውድድር ዘመን ጀመረ።

የዋንጫው ስም ሌናርት ዮሃንሰን ይባላል። ስዊድናዊው ዮሃንሰን ከ1990 እስከ 2007 የዩኤፋ ፕሬዚዳንት የነበሩ ሲሆን የአውሮፓ ሻምፒዮን ክለቦች ዋንጫ ሻምፒዮንስ ሊግ ወደሚለው ስያሜ የተቀየረው በእሳቸው ዘመን ነው። የፍጻሜው ጨዋታ በአብዛኛው የሚደረገው ስዊዘርላንድ፣ ኒዮን ከተማ በሚገኘው ኮሎቭሬ ስታዲየም ነው። ስታዲየሙ ከዩኤፋ ዋና ጽህፈት ቤት ፊት ለፊት ስለሚገኝ ሹማምንቱ መንገድ ተሻግረው ነው የሚገቡት።

አካሄዱ

የውድድሩ አሰራር ቀላል ነው። ዋናው ቡድን ሻምፒዮንስ ሊግ ከገባ ወጣት ቡድኑም አብሮ ይገባል። ልጆቹ ከታላላቆቻቸው ጋር በተመሳሳይ የጨዋታ ፕሮግራም ይጓዛሉ። ዕድሜ ከ19 በታች ሲሆን በአንድ ዓመት የሚበልጡ ጥቂት ተጫዋቾች በተወሰነ ሁኔታ ይፈቀዳሉ። በመጨረሻዎቹ ዙሮች ጥሎ ማለፉ በአንድ ጨዋታ ያልቃል። ዘጠና ደቂቃው በእኩል ውጤት ከተጠናቀቀ ተጨማሪ ሰዓት የለም፤ በቀጥታ ወደ መለያ ምት ይኬዳል።

ሻምፒዮንስ ሊጉ በ2024 ወደ 36 ክለቦች ሲያድግ ዩዝ ሊጉም አብሮ ተለወጠ። ትልልቆቹ ስምንት ጨዋታ ሲያደርጉ ልጆቹ ስድስት ብቻ እንዲጫወቱ ተደረገና ከ36ቱ 22ቱ ወደ ጥሎ ማለፍ እንዲያልፉ ተወሰነ። ታዲያ ጥሎ ማለፉ የ32 ቡድኖች ነው። የቀሩት አስሩ ከየት ይመጣሉ?

የጎን በር

መልሱ በ2015 የተከፈተ ሌላ በር ነው። መጀመሪያ ላይ ውድድሩ የ32ቱ የሻምፒዮንስ ሊግ ክለቦች ልጆች ብቻ ነበር። አባትህ ሀብታም ከሆነ ትጫወታለህ፣ ካልሆነ ቤትህ ቁጭ በል እንደማለት ነው። በ2015/16 ግን በየአገራቸው የወጣቶች ሻምፒዮን የሆኑ 32 ክለቦች ተጨመሩ። የእነዚህ ክለቦች ዋና ቡድን ሻምፒዮንስ ሊግ ባይገባም ልጆቹ በራሳቸው እግር መጡ ማለት ነው።

ውጤቱስ? በ2023 ፍጻሜ የደረሱት ሁለቱም ክለቦች፣ የሆላንዱ ኤዜድ አልክማርና የክሮኤሺያው ሃይዱክ ስፕሊት፣ በዚህ የጎን በር የገቡ ናቸው። ኤዜድ ወደ ፍጻሜ ሲመጣ ባርሴሎናን 3 ለ 0፣ ሪያል ማድሪድን 4 ለ 0 አሸንፎ ነው። ሃይዱክም ማንቸስተር ሲቲን አሰናብቷል። በፍጻሜው ኤዜድ 5 ለ 0 አሸነፈ። በቀጣዩ ዓመት ደግሞ የግሪኩ ኦሎምፒያኮስ በዚያው በር ገብቶ ሚላንን 3 ለ 0 ረታና በዩኤፋ ውድድር ዋንጫ ያነሳ የመጀመሪያው የግሪክ ክለብ ሆነ። ከአንድ ወር በኋላ የክለቡ ዋና ቡድን የኮንፈረንስ ሊግን ዋንጫ አነሳ። ታናሽ ለታላቅ መንገድ ሲያሳይ እንዲህ ነው። በ2025ም የቱርኩ ትራብዞንስፖር በጎን በር ገብቶ ፍጻሜ ደረሰ። በሩብ ፍጻሜው ከኢንተር ጋር ሲጫወት ከ40 ሺህ በላይ ሕዝብ ስታዲየም ገብቶ አይቷል። ልብ በሉ፣ የልጆች ጨዋታ ነው። በፍጻሜው ግን በባርሴሎና 4 ለ 1 ተሸነፈ።

እስከ 2025 በተካሄዱት 11 ውድድሮች (የ2020/21 ውድድር በኮሮና ምክንያት ተሰርዟል) ባርሴሎና ሦስት ጊዜ፣ ቼልሲ ሁለት ጊዜ፣ ሳልዝቡርግ፣ ፖርቶ፣ ሪያል ማድሪድ፣ ቤንፊካ፣ ኤዜድና ኦሎምፒያኮስ አንድ አንድ ጊዜ አሸንፈዋል። ማንቸስተር ዩናይትድ፣ ባየርን ሙኒክና ሊቨርፑል በዚህ ዝርዝር ውስጥ የሉም። ተጫዋች በገንዘብ ይገዛል፤ የአሥራ ስምንት ዓመት ልጆች ቡድን ግን በዋናነት የሚሰራው ቤት ውስጥ ነው።

ከዋንጫው በኋላ

አሁን ወደ ዋናው ጥያቄ እንምጣ። ዋንጫውን ያነሳ ልጅ ሁሉ ኮከብ ይሆናል? አይሆንም። ተሸንፎ ያለቀሰው ሁሉስ ይቀራል? እሱም አይደለም።

በ2017 ፍጻሜ ሳልዝቡርግ ቤንፊካን 2 ለ 1 አሸነፈ። በዚያ ዓመት ለተሸናፊው ቤንፊካ ሲጫወት የነበረው ጆአዎ ፌሊክስ ከሁለት ዓመት በኋላ በ126 ሚሊዮን ዩሮ ለአትሌቲኮ ማድሪድ ተሸጠ። በ2020 ሪያል ማድሪድ በራውል አሰልጣኝነት ቤንፊካን 3 ለ 2 ሲያሸንፍ ሁለቱን የቤንፊካ ግቦች ያስቆጠረው ጎንሳሎ ራሞስ ነበር። ራሞስ በ2022 የዓለም ዋንጫ ስዊዘርላንድ ላይ ሦስት ግብ አግብቶ ዓለምን አስደነቀ። ቤንፊካ እንግዲህ ሦስት ጊዜ በፍጻሜ ተሸንፎ በአራተኛው፣ በ2022፣ ሳልዝቡርግን 6 ለ 0 አሸንፎ ነው ዋንጫውን ያየው። ሦስቱ ሽንፈቶች ግን ኪሳራ አልነበሩም።

በተቃራኒው ሙኒር ኤል ሃዳዲን እንውሰድ። በመጀመሪያው ውድድር፣ በ2014፣ ባርሴሎና ቤንፊካን 3 ለ 0 ሲያሸንፍ ሁለት ግብ አገባ፤ አንዷን ከሜዳው አጋማሽ አካባቢ ነው የመታት። በ11 ግብ ኮከብ ግብ አግቢ ሆነ። ጋዜጦች ስሙን ከመሲ ጎን መጻፍ ጀመሩ። በዚያው ዓመት መስከረም የስፔን ዋና ብሔራዊ ቡድን ጠራውና ከመቄዶንያ ጋር በነበረ የማጣሪያ ጨዋታ መጨረሻ ላይ ተቀይሮ ገባ። ለስፔን ዋና ቡድን የተጫወተው ያንን ብቻ ነው። ያቺ ጥቂት ደቂቃ ግን ለአባቱ አገር ለሞሮኮ እንዳይጫወት አሰረችው። የ2018 የዓለም ዋንጫ አመለጠው። ለሞሮኮ መሰለፍ የቻለው ፊፋ ደንቡን በ2020 ካሻሻለ በኋላ፣ በ2021 ነው። ሙኒር ጥሩ ተጫዋች ሆኖ ቀጥሏል፤ የተባለለትን ያህል ግን አልሆነም። ጥፋቱ የእሱ ነው ወይስ የተባለለት ነገር ነው የበዛው?

የቼልሲ ታሪክ ደግሞ ሌላ ገጽታ አለው። ክለቡ በ2015 እና በ2016 ተከታታይ ዋንጫ አነሳ። በ2015 ዶሚኒክ ሶላንኬ ብቻውን 12 ግብ ነበረው። ነገር ግን ዋናው ቡድን ገንዘብ ስላለው በየዓመቱ ያለቀለት ተጫዋች ይገዛል። ልጆቹ ዓመት ዓመት በውሰት ወደ ሌላ ክለብ ይላካሉ። በሩ የተከፈተው ሳይታሰብ ነው። በየካቲት 2019 ፊፋ ቼልሲ ዕድሜያቸው ያልደረሱ የውጭ ልጆችን ደንብ ጥሶ አስፈርሟል ብሎ ተጫዋች እንዳያስፈርም አገደው። አዲሱ አሰልጣኝ ፍራንክ ላምፓርድ መግዛት ስለማይችል እቤት ያሉትን ልጆች ተጠቀመ። ከ2016ቱ አሸናፊ ቡድን ታሚ አብርሃምና ፊካዮ ቶሞሪ፣ ከዚያው አካዳሚ ደግሞ ሜሰን ማውንት ተሰለፉ። አብርሃም በዚያ ዓመት በፕሪሚየር ሊጉ 15 ግብ አገባ። በ2021 ቼልሲ ሻምፒዮንስ ሊጉን ያሸነፈባትን ብቸኛ ግብ ለሃቨርትዝ ያቀበለው ማውንት ነው።

እንግዲህ የእነዚህ ልጆች ችሎታ በ2016ም ነበረ። የጎደለው ዕድል የሚሰጥ ሰው ነው። እንደዚህ ጽሁፍ አቅራቢ እምነት የዩዝ ሊግ ትልቁ ትምህርት ይኸው ነው፤ ውድድሩ ልጁን ያሳያል፣ ሰው የሚያደርገው ግን ከዚያ በኋላ በሩን የሚከፍትለት አሰልጣኝና ክለብ ነው።

አፍሪካውያንስ?

በፊፋ ደንብ መሠረት ከተወሰኑ ሁኔታዎች በስተቀር ከ18 ዓመት በታች የሆነ ተጫዋች ከአገር ወደ አገር መዛወር አይችልም። ደንቡ የወጣው ልጆችን ከደላላ ለመጠበቅ ነው። ባርሴሎናም የመጀመሪያውን ዋንጫ ባነሳበት በሚያዝያ 2014 ይህንኑ ደንብ ጥሰሃል ተብሎ ለሁለት የዝውውር ጊዜያት መታገዱ ተነግሮት ነበር። ታዲያ ከአፍሪካ የሚሄድ ተጫዋች በአብዛኛው 18 ሲሞላው ስለሚደርስ ዩዝ ሊግ ላይ የሚቀረው ጊዜ አጭር ነው።

ያቺን አጭር ጊዜ የተጠቀመ ሲገኝ ግን ደስ ይላል። ዛምቢያዊው ፓትሰን ዳካ በመጋቢት 2017 ከአገሩ ጋር የአፍሪካ ከ20 ዓመት በታች ዋንጫን በሜዳው አነሳ። በሚቀጥለው ወር ለሳልዝቡርግ በዩዝ ሊግ ፍጻሜ ግብ አገባና ሁለተኛውን ዋንጫ ጨመረ። የማሊው አማዱ ሃይዳራም የዚያ ቡድን አባል ነበር። ዳካ በኋላ ወደ ሌስተር ሲቲ፣ ሃይዳራ ወደ ላይፕዚግ ሄዱ። ከእኛ አገር ስንመጣ ኢትዮጵያ ውስጥ የተወለደው መልካሙ ፍራውንዶርፍ ጀርመን አድጎ በሊቨርፑል ወጣት ቡድን ተጫውቷል፤ በጥር 2022ም በኤፍኤ ካፕ ከሽሪውስበሪ ጋር በነበረው ጨዋታ ለዋናው ቡድን ተቀይሮ ገብቷል።

እኛ ጋዜጠኞቹስ?

ከላይ እንዳየነው የአንድን ታዳጊ ዕጣ የሚወስኑ ብዙ ሰዎች አሉ። አሰልጣኙ አለ፣ ክለቡ አለ፣ ደንብ አውጪው አለ። ብዕር የያዘውም አንዱ ነው። አንድ የአሥራ ስምንት ዓመት ልጅ ከሜዳው አጋማሽ ግብ ሲያገባ «አዲሱ መሲ» ብሎ መጻፍ ቀላል ነው፤ ርዕሱም ይሸጣል። ከአምስት ዓመት በኋላ ያው ጋዜጣ «የከሸፈው ተስፋ» ብሎ ይጽፍበታል። ልጁ ግን ሁለቱንም ርዕስ አልጠየቀም።

ስለዚህ ነገ ስለ አገራችን ታዳጊዎች ስንዘግብ ስንት ደቂቃ ተጫወተ፣ ማን አሰለጠነው፣ ክለቡ ከወጣት ቡድኑ ስንት ልጅ አሳደገ ብለን ብንጠይቅ ይሻላል። ግቡንም እንጻፍ፣ ማድነቁም ይኑር። ዘውዱን ግን ልጁ ራሱ በጊዜው ይድፋው። እስከዚያው የሻምፒዮንስ ሊግ ዕለት ሲደርስ ከሰዓት በኋላ ታናናሾቹ ምን እንዳደረጉ ብንፈልግ ማታ የምናየውን ጨዋታ ከሥሩ እንረዳዋለን።